ዳስተር

ሰኞ ያዘዝኳቸውን ዳቦ ይዘው መጥተዋል፣
አንዱ በፌስታል ቋጥሯል፣ አንዱ በደብተር ወረቀት ጠቅልሏል።
እነዋሪ ላይ ውርጭ ወርዷል፤ የኅዳር ንጋት፣
ጠመኔው የወንዝ ጠጠር ሆኖብኛል በጣት።
ዘጠነኛ «ለ»፣ ስልሳ ሦስት ልጅ፤ አንድ ቦታ ባዶ ሆኗል፤
የልሳነወርቅን ስም ጠራሁ፤ ከኋላ አንዱ ሳል ብቻ ስሏል።

«አኝኩ፤ አትዋጡ፤ እስከ ስልሳ ቁጠሩ።»
እንደ ጂሩ ሰንጋ ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው ማመንዠክ ጀመሩ።
ሙሉእመቤት ከጥግ፣ እጇን ሳታወጣ፦
«ቲቸር! ይጣፍጣል! ስኳሩ ከየት መጣ?»

ከራስሽ ምራቅ ነው፤ አሚሌዝ ይባላል፤
የስታርችን ሰንሰለት እየበጠሰ ስኳር ያወጣል።
ቢሠራበትም አያልቅም፤ ቢቆርጥም አይሳሳም፤
አንዱን ማሳ አጭዶ ወደ ሌላው የሚሻገር ደቦኛ ነው፤ ወገቤን አይልም።

የአብዛኞቹ ስም «ኤዝ» ብሎ ያበቃል፤
ላይፔዝ ስብን ይፈታል፣ ፕሮቲዬዝ የምስሩን ፕሮቲን ያላቅቃል።
አሚሌዝን ቅቤ ውስጥ ብትነክሩት ሥራ ፈትቶ ይውላል፤
ጓጉንቸር ነውና፣ በራሱ ቁልፍ ብቻ ይከፈታል።
በብርድ ይንቀራፈፋሉ፣ እንደ እናንተ በማለዳ፤
ሲፈላባቸው ግን ቅርጻቸው ይሄዳል፤
የተቀቀለ እንቁላል፣ ቢቀዘቅዝም፣ ጥሬ አይሆንም።

ከዚያ ወደ ገቺዎቹ ዞርኩ።
አንዱ ቁልፍ መሳይ ነው፤ ይገባል፣ አይከፍትም፤
እውነተኛው ቁልፍ ከበዛበት ግን ቦታውን አያስጠብቅም።
አንዱ በጎን ይመጣል፤ ቀዳዳውን ሳይነካ
ጓጉንቸሩን ያጣምማል፣ ቁልፉ እንዳይሆን በልካ'
(ሳቁ፤ የግጥም ቤት ስመታ ሁሌም ይስቃሉ።)
አንዱ ደግሞ ገብቶ እዚያው ይሰበራል፤
እንደ ቤተ ሙከራችን በር፤ አምና ቁልፍ ተሰብሮበት
ማይክሮስኮፑ እስከ ዛሬ ጨለማ ውስጥ አለ።
«ለምሳሌ…» አልኩ። ጠመኔዬ ቆመ።

ማታ ጤና ጣቢያ ነበርኩ።
ጋሽ ወንድይፍራው፣ የልሳነወርቅ አባት፣
ምስሩን ክሽክሽ ወሮበት፣ መርጫውን አዝሎ ውሏል፤
ክዳኑ ያፈሳል፤ ነፋሱም ወደ እሱ ዞሯል።
የዓይኑ ብሌን ጠቦ ጤፍ አክሏል፤
ላቡ፣ እንባው፣ ለሐጩ፣ ሁሉም ባንዴ ይወርዳል፤
ክንዱ ላይ ሥጋው፣ እሱን ሳይጠይቅ፣ ይላወሳል።
ሲስተር ጌጤነሽ አትሮፒን ወጋች፤ ሰዓቷን አየች፤
ደረቱን አዳመጠች፤ «ገና ነው» አለች፤ ደግማ ወጋች።
ልጁ የአባቱን ጫማ ታቅፎ በር ላይ ቆሟል።

ነርቭ ለጡንቻ ይጽፋል፦ «ተኮማተር»፤
ጽሑፉን ወዲያው የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ፣ እንደ ዳስተር።
መርዙ ዳስተሩን ሲይዘው፣ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ይደረባል፤
ሰሌዳው በሙሉ ይነጣል፤ ማን ምን ብሎ ያነባል?

ይህን ለክፍሉ አልተናገርኩም።
የሰው አባት ምሳሌ አይደለም።
«ለምሳሌ» የሚለውን በእጄ መዳፍ አጠፋሁት፤ ደወል ተመታ።

ልሳነወርቅ በአራተኛው ሳምንት መጣ።
«አባትህስ?» «እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤
ግን ትናንት ወጥቶ ምስሩን ዞሮ አይቶታል።»
ገላ አንጥረኛ ነው፣ ዝግተኛ፤ የተበላሸውን ትቶ
አዲስ ጓጉንቸር ይሠራል፣ ቀን ቆጥሮ፣ ሌት አምሽቶ።
(የቤተ ሙከራው በር ግን ያው ነው።)

ሰሌዳው ሞልቶ ነበር። ሳልጠይቀው ተነሳ፤
ዳስተሩን ይዞ ከላይ ወደ ታች ጠረገ፤
ነጩ ብናኝ ወደ ፊቱ ሲመለስ
ዓይኑን ጨፈነ፤ ትንፋሹን ያዘ፤
እስኪረጋ ድረስ አልለቀቀም።
ሄጄ መስኮቱን ከፈትኩለት።